በላስታ ደጋና ቆላ ለሚሠራ ሥራ ቀላሉንና ከባዱን ፒክ አፕ ስለ መምረጥ

በላስታ አገር የእርሻ ሥራ ከመንገድ ጋራ የተሳሰረ ነው። ዘሩና ማዳበሪያው በግንቦት ከመጋዘን ወጥቶ ከየቀበሌው ካልደረሰ፥ ሰኔ ሲገባ ጭቃው መንገዱን ይይዘዋል፤ ወንዙም ይሞላል። ገበሬውም የተላከለትን ዘር ቢጠብቅ ወቅቱ ያልፍበታልና ከጎተራው አውጥቶ ይዘራል፤ ያውም ለልጆቹ ያስቀመጠው ቀለብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ወረዳ ወይም አንድ ባለ እርሻ ለሥራው የሚገዛው መኪና ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ጥያቄ የጋራዥ ነገር ብቻ አይደለም፤ የአዝመራ ነገር ነው እንጂ። ዳሩ ግን የመኪና ግዢ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ቀለሙና የወንበሩ ምቾት፥ ወይም የጎረቤቱ ወረዳ ሹም የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። ስንት ኩንታል በየትኛው ቁልቁለት ይወርዳል የሚለው ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ይታሰባል።

በኢትዮጵያ ለገጠር ሥራ የሚፈለጉት ፒክ አፖች ብዙ ቢሆኑም በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። ቀላሉ ወገን እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፥ እንደ ኢሱዙ ዲማክስ፥ እንደ ሚትሱቢሺ ኤል 200 ያለው ነው። ከባዱ ወገን ደግሞ ላንድክሩዘር ፒክ አፕ የሚባለው፥ አፍንጫው ረጅም፥ ጎማው ቀጭንና ከፍ ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ለምሳሌ የሚጠቀሱት በአገሩ ውስጥ ሁሉም ስለሚያውቃቸው ነው፤ የሌላውም ፋብሪካ ሥራ በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይችላል።

ሁለቱም ከአንድ ቤት ቢወጡም አስተዳደጋቸው ለየብቻ ነው። ላንድክሩዘር በ1943 ዓ.ም. በጃፓን አገር መጀመሪያ ሲሠራ «ቶዮታ ጂፕ» ይባል ነበር፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ በመውጣቱ ስሙ ታወቀ። ዛሬ የሚታየው ሰባ ቍጥር የሚባለው ዓይነት የወጣው በ1977 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ አካሉ ብዙም አልተለወጠም። ሃይሉክስ በ1960 ዓ.ም. ለጭነት ተብሎ ተሠራ፤ ከዚያ ግን በየጊዜው እየለሰለሰና እየተዋበ ሄዶ ዛሬ ግማሹ የቤት አውቶሞቢል፥ ግማሹ የጭነት መኪና ሆኗል። የሁለቱም ጥንካሬ የተመሰከረ ነው። በ1979 ዓ.ም. በቻድና በሊቢያ መካከል የተደረገው ውጊያ በእነዚህ ፒክ አፖች ምክንያት «የቶዮታ ጦርነት» እስከ መባል ደርሷል። ነገር ግን የቻድ አሸዋ ሌላ ነው፤ የላስታ ድንጋይም ሌላ ነው።

የአገሩን አቀማመጥ ሹማምንቱ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል፤ ይሁን እንጂ በቍጥር ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» በሚለው፥ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ርዳታ በተሠራው መንገድ የሚሄድ መኪና ጋሸና ሲደርስ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ወጥቷል። ከጋሸና እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህም ውስጥ መንገዱ ወደ ተከዘ ምንጮች አገር ይወርድና እንደ ገና ይወጣል። የላሊበላ ከተማ በ2,500 ሜትር አካባቢ ስትሆን፥ በሹምሸሃ ሜዳ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ግን በ1,957 ሜትር ላይ ነው። ከከተማው በላይ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሲሠራ የሚውል ነጂ በአንድ ቀን ከማሽላ አገር ወደ ገብስ አገር፥ ከገብስ አገርም ወደ ውርጭ ይወጣና ይመለሳል።

ከፍታ በመኪና ላይ የሚያደርሰው የመጀመሪያው ነገር ትንፋሽ ማሳጠር ነው። ሞተር ናፍጣን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩም ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር ይሳሳል። በላሊበላ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በግፊት አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ አየሩን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 2,500 ሜትር ሲደርስ ሩቡን፥ በደጋው ጫፍ ሲደርስም ሲሦውን አጥቷል ማለት ነው። በብዙው ላንድክሩዘር ፒክ አፕ ላይ ያለው፥ ባለ 6 ሲሊንደሩና 4,164 ሲሲ የሆነው አሮጌው የናፍጣ ሞተር ከዚህ ዓይነት ነው። በፋብሪካው ወረቀት ላይ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ተጽፎለት ሳለ በላስታ ዳገት ላይ 100 እንኳ መስጠቱ ያጠራጥራል። የአሁኑ ሃይሉክስ ሞተር ግን 2,393 ሲሲ ብቻ ቢሆንም አየሩን በቱርቦ እየጨመቀ ስለሚያስገባ፥ በወረቀት የተጻፈለትን ወደ 150 የሚጠጋ ጉልበት አብዛኛውን ይዞ ይወጣል። ብዙ ሰው ትልቁ ሞተር በተራራ ላይ ይበልጥ ይጎትታል ብሎ ያምናል፤ በእውነቱ ግን ከጋሸና ዳገት ላይ ቀላሉ ከባዱን አልፎት ቢሄድ የሚያስደንቅ ነገር የለበትም።

ሆኖም ጉልበት ማለት ፍጥነት ብቻ አይደለም። ቱርቦው የሚረዳው ሞተሩ በደንብ ከዞረ በኋላ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ፥ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ፥ ጭነት ይዞ ቀስ ብሎ በሚወጣበት ስፍራ ትልቁ ሞተር ገና በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ስበት የተረጋጋ ነው፤ ነጂውም ፍሪሲዮኑን አያቃጥልም። አራቱም ጎማ ገብቶ ማርሹ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ ሁለቱም ይወጣሉ፤ ግን ያን ማርሽ ማስገባት የሚያውቅ ነጂ ያለው ወረዳ ከሌለው ወረዳ ይበልጥ ዕድለኛ ነው። በፒክ አፕ ላይ ያለው የአራት ጎማ መሣሪያ አንድ ቀን እንኳ ሳይገባ፥ መኪናው ጭቃ ላይ በሁለት ጎማ ሲንጫጫ፥ ገበሬ ተጠርቶ በገመድ የሚጎተትበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ጭነቱ ነገር እንምጣ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። ሹማምንትን የሚያሳስተው ቀላልና ከባድ የሚለው ስም ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ሃይሉክስ ሰውንም ዕቃንም ጨምሮ የሚፈቀድለት ጭነት 1 ቶን፥ ማለት 10 ኩንታል ገደማ ነው። ነጠላ ጋቢና ያለው ላንድክሩዘር ደግሞ ወደ 12 ኩንታል ገደማ ነው። ልዩነቱ ሁለት ኩንታል ብቻ ከሆነ ስለ ምን ያን ያህል የዋጋ ልዩነት ይከፈላል የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው መኪናው በደህና መንገድ ላይ የሚሸከመውን ነው፤ ያን ጭነት በየቀኑ በድንጋይ ላይ ሲሸከም ስንት ዓመት እንደሚቆይ ግን አይናገርም። በከባዱ ላይ የፊቱ ጎማዎች በአንድ ወፍራም የብረት አክስል የተያያዙ ናቸው፤ ሻንሲው ወፍራም ነው፤ የኋላ ባሌስትራውም ለጭነት ተብሎ የተደራረበ ነው። በቀላሉ ላይ የፊቱ ጎማዎች ለየብቻቸው በክንድና በመገጣጠሚያ የተንጠለጠሉ ስለ ሆኑ ለተሳፋሪው ምቾት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በየመገጣጠሚያው ያለው ጎማና ኩሽኔታ በድንጋያማ መንገድ ቶሎ ይበላል።

ሌላም ስሌት አለ። ለወረዳ ሥራ የሚገዛው ሃይሉክስ ብዙውን ጊዜ ደብል ጋቢና ነው። ነጂውና አራት ሰዎች ሲቀመጡበት፥ ለእያንዳንዱ 70 ኪሎ ቢታሰብ፥ 350 ኪሎ ሄደ፤ የተጠባባቂ ናፍጣው፥ መፍቻውና ክሪኩ ወደ 50 ኪሎ ይሆናል። ለጭነቱ የሚተርፈው 6 ኩንታል ብቻ ነው፤ ይኸውም ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ጆንያ ቢሆን 12 ጆንያ ነው። ነጠላ ጋቢናው ላንድክሩዘር ነጂውንና አንድ ሠራተኛ ይዞ፥ መሣሪያውንም ጭኖ፥ 10 ኩንታል ይተርፈዋል። እንግዲህ በሥራ ላይ ያለው ልዩነት ሁለት ኩንታል አይደለም፤ አራት ኩንታል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ካሶኒው ሰፊ ሆኖ ስለሚታይ ነው። 12 ጆንያ ሲጫን ገና ግማሹ ባዶ ይመስላልና ጫኙ ጨምር ይላል፤ መጋዘን ጠባቂውም መንገዱ በአንድ ጊዜ ይለቅ ብሎ ይጨምራል፤ 15 ኩንታልና 20 ኩንታልም ይደርሳል። ከዚያም በላይ ከጆንያው ላይ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ይሳፈራል። መኪናው ይንቀሳቀሳልና ቻለ ይባላል። እውነቱ ግን በዚያ ቀን የባሌስትራው ብረት ውስጥ ውስጡን መሰንጠቅ ይጀምራል፤ የኋላው ወገን ዝቅ ሲል የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው ይስታል፤ ፍሬኑም ከተሠራለት ልክ በላይ ይሠራል። ሻንሲው የተጣመመ ሃይሉክስ በየግቢው ቆሞ ሲታይ «ቀላል መኪና ለዚህ አገር አይሆንም» ይባላል። ይህ ፍርድ በመኪናው ላይ የተዛባ ነው፤ መኪናው ስድስት ኩንታል የሚያዝዘውን ወረቀት ይዞ ሃያ ኩንታል ተጭኖበታልና። የጋማ ከብት ከልኩ በላይ ሲጫንበት ይተኛል፤ አህያም ቢሆን ከግማሽ ኩንታል ብዙ ሲያልፍባት እምቢ ትላለች። መኪና ግን አይተኛም፤ እምቢታውን የሚያሳየው በቁልቁለቱ መካከል ነው።

ስለ ቁልቁለቱም በዝርዝር መናገር ያሻል። የላስታ ሰው ስለ ዳገት ይጨነቃል፤ መኪናን የሚገድለው ግን መውረዱ ነው። ከላሊበላ ወደ ሹምሸሃ ሜዳ የሚወርደው መንገድ አስፋልት ስለ ሆነ ሁሉም ያለ ሥጋት ይወርደዋል። ሆኖም ከ500 ሜትር በላይ ወደ ታች ነው። 3 ቶን የሚመዝን፥ ማለት በልኩ የተጫነ ፒክ አፕ፥ ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢወርድ በጎማዎቹ ውስጥ ያሉት ብረቶች የሚቀበሉት ሙቀት 50 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ጭነቱ በእጥፍ ሲጨመርበት የብረቱ ሙቀት በዚያው ልክ ያድጋል፤ የፍሬን ሸራው መሽተት ይጀምራል፤ የፍሬኑ ዘይት ሲፈላም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ይወርድና ምንም አይዝም። ይህ በአስፋልት ላይ ነው። ወደ ተከዘ ሸለቆ በሚወርደው የድንጋይ መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ማምለጫ ሜዳ እንኳ የለም።

መድኃኒቱ ነጂው መኪናውን በሞተሩ መያዙ ነው፤ ማለት በየትኛው ማርሽ ይወጣው እንደ ነበረ አስቦ በዚያው ማርሽ፥ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለው መውረድ ነው። በዚህ በኩል ከባዱ ይበልጣል። ትልቅ ሞተር ነዳጁ ሲያዝበት መኪናውን አጥብቆ ይይዛልና። ትንሹ ሞተር ያነሰ ይይዛል፤ ስለዚህ በቀላሉ መኪና የሚወርድ ነጂ ማርሹን አንድ ደረጃ አሳንሶ፥ ይልቁንም በድንጋያማው ስፍራ ዝቅተኛውን የአራት ጎማ ማርሽ አስገብቶ መውረድ ይገባዋል። ናፍጣ ይቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚወርድ ነጂ ካለ፥ ለአንድ ቀን እንኳ መሪ ሊሰጠው አይገባም።

ከሙቀት ነገር ሳይወጣ፥ የራዲያተሩም ውሃ ይታሰብ። በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ቶሎ እንደማይበስል ባለቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። ምክንያቱም ውሃ በላሊበላ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ በጋሸናም በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። የራዲያተሩ ክዳን በደንብ የማይዘጋ ከሆነ ሞተሩ ገና ሳይግል ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ከጥቂት ብር በማይበልጥ ክዳን ምክንያት ቴስታታው የተቃጠለ ሞተር ለአንድ ወር ሥራ ሲያስፈታ ይታያል።

ስለ ናፍጣው ደግሞ ሁለቱ መኪናዎች በጣም ይለያያሉ፤ ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ የሚለያዩት በዚህ ነው። የአዲሱ ሃይሉክስ ሞተር ናፍጣውን ከ1,500 እጥፍ የአየር ግፊት በላይ በሆነ ግፊት፥ እጅግ በቀጠነ ቀዳዳ ይረጨዋል፤ የሚያዝዘውም የኤሌክትሪክ አእምሮ ነው። ይህ አሠራር ናፍጣን ይቆጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ነገር ግን ውሃና አቧራ ፈጽሞ አይወድም። በገጠር ናፍጣ ብዙ ጊዜ በበርሜል ይቀመጣል፤ በርሜሉም ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ሌሊት በብርድ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ላብ ይቋጥራል፤ ያ ውሃ ከታች ይተኛል። በሰው እጅ ተቀድቶ በጨርቅ ተጠልሎ የሚገባ ናፍጣ የአሮጌውን ላንድክሩዘር ሞተር ያስነጥሰው ይሆናል እንጂ አያቆመውም፤ ቢያቆመውም በላሊበላ ወይም በወልድያ ያለ መካኒክ ፊልትሮውን ለውጦ፥ ፖምፓውን በእጁ ነክቶ ያስነሣዋል። አዲሱ ሃይሉክስ ግን የመርጫው ጫፍ አንድ ጊዜ ከተበላ መፍቻ አያድነውም፤ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ይፈልጋል፤ ዕቃውም ውድ ነው። ስለዚህ ቀላሉን የሚገዛ ወረዳ በበርሜል ናፍጣ አያስቀምጥ፤ ካስቀመጠም በርሜሉን አጋድሞ፥ አሳርፎ፥ የታችኛውን ሳይቀዳ ይተወው። በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ነጂው በየሳምንቱ ያፍስስ። ዳገት ወጥቶ በደረሰ ጊዜም ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፋ አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆየው፤ ቱርቦው ግሎ ሳለ ዘይት ቢቋረጥበት ይቃጠላልና።

ጎማን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። በላንድክሩዘር ላይ የሚገባው 7.50 በ16 የሚባለው ቀጭን ጎማ ካላማዳሪያ ያለው ስለ ሆነ በየትኛውም ከተማ ያለ ጎሚስታ ፈትቶ ይለጥፈዋል፤ ከጭቃውም በታች ወደ ጠንካራው መሬት ይቆርጣል። የሃይሉክስ ሰፊ ጎማ ለአስፋልት የተሻለ ነው፤ ጎኑ በስለታም ድንጋይ ከተቀደደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ሁለት ስኮርታ ሳይይዝ ከአስፋልት የሚወጣ ሃይሉክስ አይኑር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የናፍጣው ወጪ ይታሰባል። ሃይሉክስ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ሊትር ገደማ፥ አሮጌው ላንድክሩዘር ወደ 13 ሊትር ገደማ ይፈጃል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ልዩነቱ 600 ሊትር ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሒሳብ ሹሞች ከባዱን ይጠሉታል። ግን ሒሳቡ ለየኩንታሉ ይሠራ። ቀላሉ 6 ኩንታል ይዞ 10 ሊትር ሲያቃጥል ለአንድ ኩንታል ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ደረሰው፤ ከባዱ 10 ኩንታል ይዞ 13 ሊትር ሲያቃጥል አንድ ሊትር ከሦስት ዐሥረኛ ብቻ ነው። ዳገቱና ጭነቱ ፍጆታውን ሲጨምሩት ቍጥሩ ቢያድግም ሚዛኑ ብዙ አይለወጥም። ሞልቶ ለሚሄድ ከባዱ ይረክሳል፤ ባዶውን ወይም ሰው ብቻ ይዞ ለሚሄድ ግን ሦስቱ ሊትር በከንቱ የፈሰሰ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ግዢ የሚያስብ ሹም አስቀድሞ መኪና ሻጭ ዘንድ አይሂድ፤ የራሱን የጉዞ መዝገብ ያስወጣ። ባለፈው ዓመት መኪናው ስንት ጊዜ ወጣ? ከእነዚያስ ውስጥ ስንቱ ጭነት ይዞ ነበር? ስንቱ ለስብሰባ ወደ ወልድያ ነበር? አብዛኛው ጉዞ የእርሻ ባለሙያዎችን ማድረስ፥ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን መውሰድ፥ ጥቂት ምርጥ ዘርና የመርጫ መሣሪያ ማመላለስ ከሆነ፥ ቀላሉ በቂ ነው፤ በዳገቱም ይፈጥናል። የክትባት ሣጥን ክብደት የለውም፤ የሚፈልገው ቶሎ መድረስን ነው። አብዛኛው ጉዞ ግን ጆንያ ይዞ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቡግና ቆላ ወይም ወደ ግዳን ደጋ በድንጋይ ላይ የሚደረግ ከሆነ፥ ቀላሉን መግዛት በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ መኪና መግዛት ነው።

መዝገቡ ሌላም ነገር ይገልጣል። አንድ ቀበሌ 200 ኩንታል ማዳበሪያ ቢያስፈልገው ሃይሉክስ 34 ጊዜ፥ ላንድክሩዘር 20 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ግን በ4 ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለዋናው ጭነት ማናቸውም ፒክ አፕ ልክ አይደለም። አይሱዙው መንገዱ እስከሚፈቅድለት ድረስ በኪራይ ያድርሰው፤ ፒክ አፑ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይሥራ፤ ፒክ አፑም ከማይደርስበት ገደል ጀምሮ በቅሎና አህያ ይረከቡት። በላስታ ገደሎች የመጨረሻውን ጎዳና ዛሬም የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የአህያ ጭነት ኪራይም ለቀበሌው ሰው ገቢ ነው። ይህ ሦስት ደረጃ ያለው አሠራር ግንቦት ሳይገባ በወረቀት ከተሰናዳ ብዙ ወረዳዎች ከባዱን መኪና እንኳ ሳይገዙ ሥራቸውን ሊያደርሱ ይችላሉ።

ስለ ክብር ነገርም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ላንድክሩዘር በአገሩ የሥልጣን ምልክት ሆኗልና ብዙ ሹም ከሃይሉክስ ቢወርድ ያነሰ ይመስለዋል። ሃይሉክስ የሚለው ስም ራሱ በፋብሪካው ቋንቋ «ከፍ ያለ ምቾት» ማለት መሆኑን ቢያውቁ ምናልባት ይጽናኑ ይሆናል። ገበሬው ግን በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያየው የመኪናውን ስም አይደለም፤ ጆንያው መጣ ወይስ አልመጣም ብሎ ነው።

የግዢው ደንብም ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ ስለዚህ ማናቸውም ግዢ ከመጀመሩ በፊት ፒክ አፑ በየትኛው ክፍል እንደሚቆጠር ከትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ጠይቆ ማረጋገጥ ያሻል። ብዙ ባለ እርሻዎችም ያገለገለ መኪና ወደ መግዛት ያዘነበሉ ናቸው። ያገለገለ ሲገዛ ቀለሙ አይታይ፤ በሥሩ ተገብቶ ሻንሲው በኋለኛው ጎማ አካባቢ የተበየደ መሆኑ፥ ባሌስትራው የተጨመረበት መሆኑ ይታይ። ባሌስትራ የተጨመረበት ሃይሉክስ ያለ ጥርጥር ከልኩ በላይ ሲጫን የኖረ ነው፤ በስንትም ዋጋ ቢቀርብ ይቅር።

አዲስም ይሁን ያገለገለ፥ ከመረከብ በፊት መኪናው ባዶውን በሜዳ ተነድቶ አይፈተን። የተፈቀደለት ልክ በሚዛን ተጭኖበት ከሹምሸሃ ሜዳ ወደ ላሊበላ ይውጣ፤ በዚያው ማርሽም ይመለስ። ከታች ሲደርስ መካኒኩ ከየጎማው አጠገብ ተንበርክኮ የሙቀቱንና የሽታውን ነገር ይመልከት፤ በራዲያተሩና በዘይቱ መለኪያ ላይ ያየውን ይጻፍ። ነጂውም በዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ አንድ ድንጋያማ ዳገት ወጥቶ ያሳይ። የርክክቡ ወረቀት የሚፈረመው ከዚህ በኋላ ነው።